ግዢ ልጀምር ወይስ የምርት ዕቅድ? ፋብሪካ ውስጥ ሠርቼ አላውቅም

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት የሥራ ዕድል በአንድ ሳምንት መጣልኝና ግራ ገብቶኛል። የተማርኩት ማኔጅመንት ነው። ሁለት ዓመት የሠራሁት ደግሞ ሂሳብ ክፍል፤ ደረሰኝ መመዝገብ፣ ክፍያ ማዘጋጀት፣ የጠፋ ሰነድ ማሳደድ። ፋብሪካ ውስጥ ግን ለጉብኝት እንኳን ገብቼ አላውቅም።

አሁን አንዱ ፋብሪካ ለጁኒየር ገዢነት ጠርቶኛል፣ ሌላው ለምርት ዕቅድ ረዳትነት። ደሞዙ ተቀራራቢ ስለሆነ እሱን ተዉት። የቸገረኝ በየትኛው ብጀምር ይሻላል የሚለው ነው። በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር ይቻላል ወይስ አንዴ ከገቡ ገብተው መቅረት ነው? ደግሞ ሁለቱም ማስታወቂያ ላይ "ኤምአርፒ የሚያውቅ" ይላል። ቪዲዮ ከፍቼ አየሁ፣ ሰውየው ቀስት በቀስት የሆነ ሥዕል አሳየኝ፣ ጭራሽ አደናገረኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። የዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ በመጀመሪያው ኢንተርቪው "አንድ ጥሬ ዕቃ ቢያልቅብሽ ምን ታደርጊያለሽ?" አለኝ። "ወዲያው አዝዛለሁ" አልኩት። ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ግን ለምን እንደሳቀ እስካሁን አልገባኝም። ሐሙስ ሁለተኛ ዙር አለኝ። እባካችሁ የምታውቁ።


የማታ ሺፍት፦

የሳቀው ካለቀ በኋላ ስላዘዝሽ ነው። ዕቃው እስኪደርስ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሠራተኛውም ቆሞ ይጠብቃል፣ ደንበኛው ግን አይጠብቅም። አይዞሽ፣ ጀማሪ ሁሉ እንደዛ ነው የሚመልሰው። እኔም እንደዛ ነበር ያልኩት።

12 ዓመት ፕላነር ነኝ። ቀስቱን ተይውና ኤምአርፒን፣ ማለትም የሚያስፈልግ ዕቃ ማቀጃውን ስሌት፣ በወንበር ላሳይሽ።

በ8ኛው ሳምንት መጀመሪያ 500 ወንበር መገጣጠም አለብሽ እንበል። አንዱ ወንበር 4 እግር አለው፣ ስለዚህ 2,000 እግር ያስፈልጋል። መጋዘን ውስጥ 350 አለ። ቀደም ብሎ የታዘዘና በ5ኛው ሳምንት የሚገባ 600 አለ። 100 ደግሞ ለክፉ ቀን ተብሎ የማይነካ መጠባበቂያ ይኑርሽ። 2,000 ላይ 100ውን ደምሪ፣ 350ውንና 600ውን ቀንሺ፤ የሚጎድልሽ 1,150 ነው። አቅራቢው ግን በ500 በ500 ካልሆነ አይሸጥም፣ ስለዚህ ወደድሽም ጠላሽም 1,500 ታዝዣለሽ። ለማድረስ 3 ሳምንት ይፈልጋል፣ ጥራት ክፍል ፈትሾ እስኪያሳልፈው አንድ ሳምንት ጨምሪ። ከ8 ላይ 4 ቀንሺ። ትዕዛዙ በ4ኛው ሳምንት መጀመሪያ ካልወጣ፣ በ8ኛው ሳምንት እግር የሌላቸው ወንበሮች ይዘሽ ትቀሪያለሽ።

ኤምአርፒ ይሄው ነው። ኮምፒውተሩ ያንኑ ስሌት ለእግሩም፣ ለብሎኑም፣ ለሙጫውም፣ ለማሸጊያውም ይደጋግመዋል እንጂ ሌላ ምትሃት የለውም። ወንበሩ ስንት እንደሚሸጥ ትገምቺያለሽ፣ እግሩን ግን አትገምቺም፣ ከወንበሩ ተነስተሽ ታሰዪዋለሽ። ይህን ልዩነት አጥብቆ ያስረዳው ጆሴፍ ኦርሊኪ የሚባል የአይቢኤም ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ። ከዚያ በፊት ብዙ ፋብሪካ እግሩንም እንደ ወንበሩ በግምት ነበር የሚያዘው።

ልብ በይ ደግሞ፣ ሥራው ሲጠናቀቅ 450 እግር ይተርፍሻል። 100ው የክፉ ቀኑ ነው። 350ውን ግን ማንም አልጠየቀም፣ ቦታና ገንዘብ ይዞ ይቀመጣል። ፕላነርና ገዢ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚጨቃጨቁት በዚህች 350 ነው።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ እኔ ፕላነር ሆኜ የምመክርሽ ግዢ እንድትጀምሪ ነው። ገዝቶ የማያውቅ ፕላነር "3 ሳምንት" የሚለውን ቁጥር እንደ ወንጌል ያምነዋል። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ሲስተሙ ለአንድ ኬሚካል 30 ቀን ይል ነበር። ማን እንዳስገባው፣ መቼ እንዳስገባው የሚያውቅ የለም። በ30 ቀን አቀድኩ። ዕቅዱ ደግሞ ያምር ነበር፣ በቀለም ለይቼ አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ገዢው ጠረጴዛ ድረስ ሄጄ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ፣ የመጨረሻዎቹ አራት ጭነቶች አንዳቸውም ከ50 ቀን በታች እንዳልገቡ በአንድ ደቂቃ ይነግረኝ ነበር። የምርት መስመሩ 11 ቀን ቆመ። ወረቀቱን ከግድግዳው የነቀልኩት ማታ ሰው ከወጣ በኋላ ነው።


ገዢዋ፦

የማታ ሺፍት ቀደምከኝ፣ ግን አልስማማም። እኔ ደግሞ 9 ዓመት ገዢ ሆኜ "ዕቅድ ጀምሪ" ልላት ነው የመጣሁት።

እህቴ፣ ግዢ ሲባል ሰው የሚመስለው ዋጋ መከራከር ነው። እሱ ትንሹ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ የምትውይው እያሳደድሽ ነው። ያዘዝሽው የት ደረሰ፣ ለምን ዘገየ፣ ለምን ጎደለ፣ ለምን ሌላ ዓይነት መጣ። ከአቅራቢ ጋር ስታወሪ ደግሞ "ይደርሳል ወይ?" ብለሽ እንዳትጠይቂ። "ይደርሳል" ይልሻል፣ ሌላ ምን ይበልሽ? "አሁን የት ነው ያለው? ተመርቶ አልቋል? ፎቶውን ላክልኝ። ተጭኗል? የጭነት ሰነዱን ላክልኝ።" እንዲህ ብለሽ ጠይቂው። እዚህ ላይ ድምፁ ከተቀየረ ለፕላነሩ ዛሬውኑ ንገሪው፣ ነገ አይደለም።

ታዲያ ለምን ዕቅድ ጀምሪ እላታለሁ? ገዢ ቁጭ ብሎ የሚያየው አንድ ዕቃ፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ አቅራቢ ነው። ያ ዕቃ ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን ካላወቅሽ በርካሽ ገዝተሽ ውድ ታስወጪያለሽ። እኔን ያገኘኝ በካርቶን ነው። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ የታተመበት ማሸጊያ ካርቶን የዓመቱን በአንዴ ካዘዝን 12 በመቶ ቅናሽ አለ ተባልኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ እንደተባለው ነው፣ ቅናሹን አየሁና ፈረምኩ። አለቃዬ አመሰገነኝ፣ ስብሰባ ላይ ስሜ ተጠራ። በአራተኛው ወር ሽያጭ ክፍል የማሸጊያውን ዲዛይን ቀየረ። ዕቅድ ክፍል ለውጡ እንደሚመጣ እኔ ከመፈረሜ በፊት ያውቅ ነበር፣ እኔ ግን አልጠየቅኋቸውም። ከግማሽ በላይ የሆነው ካርቶን በክብደት ተሽጦ ወጣ። ዕቅድ ክፍል ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ያን ወረቀት አልፈርምም ነበር።

ሂሳብ ክፍል መሥራትሽ ግን ለግዢ ትልቅ ስንቅ ነው፣ አትናቂው። የግዢ ትዕዛዙ፣ መጋዘን የተረከበበት ሰነድና የአቅራቢው ደረሰኝ ሦስቱ ካልገጠሙ ክፍያ እንደማይወጣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ብዙ ጀማሪ ገዢ ይሄ የሚገባው አቅራቢ ደውሎ ሲጮህበት ነው።

ከውጭ የሚገዛ ፋብሪካ ከሆነ ደግሞ ኢንኮተርምስን አጥኚ፣ ወጪውንና አደጋውን ሻጩና ገዢው እስከ የት እንደሚሸከሙ የሚለዩ የንግድ ውል ቃላት ናቸው። 11 ናቸው፣ አሁን የሚሠራበት የ2020ው ነው። ኤፍኦቢንና ሲአይኤፍን በደንብ ለይተሽ ግቢ፣ ኢንተርቪው ላይ ይወዱታል። ኤፍኦቢ ሲሆን የመርከቡን ገዢው ነው የሚከፍለው። ሲአይኤፍ ሲሆን የመርከቡንም የኢንሹራንሱንም ሻጩ ስለሚከፍል ዕቃው መድረሻው ወደብ እስኪደርስ የሱ ኃላፊነት ነው የሚል ገዢ ሞልቷል። አይደለም። በሁለቱም አደጋው ወደ ገዢው የሚዞረው መነሻው ወደብ ላይ ዕቃው መርከብ ላይ ሲጫን ነው። ባሕር ላይ ከተበላሸ ያንቺ ነው፣ ኢንሹራንሱን የምታሳድጂውም አንቺ ነሽ።

አንድ የመጨረሻ። ከአቅራቢ ስጦታ አትቀበይ። ትንሽም ቢሆን። የሚቀጥለው ጭነት ሲዘገይ አፍሽን ሞልተሽ መቆጣት ያቅትሻል።


ጀማሪዋ፦

ሁለታችሁም የራሳችሁን ክፍል ትታችሁ ወደ ሌላው ትገፉኛላችሁ እኮ! ግን የወንበሩ ስሌት ገብቶኛል፣ ወረቀት ላይ ራሴ ደግሜ ሠራሁት።

አንድ ያልገባኝ፣ ያ የክፉ ቀን 100 ከየት መጣ? ዝም ብሎ ይጻፋል?


የማታ ሺፍት፦

ብዙ ቦታ ዝም ብሎ ይጻፋል፣ እውነቱን ለመናገር። መሆን ያለበት ግን ከሁለት ነገር ነው፤ አቅራቢው ምን ያህል ይዘገያል፣ አጠቃቀማችን ምን ያህል ይዋዥቃል። በየቀኑ ለሚፈጅ ዕቃ ቀላሉን ላሳይሽ። በቀን 40 ፍሬ ይፈጃል፣ ከትዕዛዝ እስከ መድረስ 15 የሥራ ቀን ይወስዳል። ዕቃው እስኪደርስ 600 ትፈጃለሽ ማለት ነው። ይህ አቅራቢ በክፉ ጊዜው 5 ቀን እንደሚዘገይ ከመዝገቡ ካየሽ 200 ጨምሪ። ስለዚህ ስቶኩ 800 ሲደርስ ማዘዝ አለብሽ። ሒሳቡን የሚያጠራ የስታቲስቲክስ ፎርሙላ አለ፣ ትደርሺበታለሽ።

ገዢዋ ስለ ዕቅድ ያለችውን ደግሞ ልደግፍ፣ ምክንያቱም ዕቅድ የዕቃ ብቻ አይደለም፣ የማሽንም ነው። አንድ ሺፍት 8 ሰዓት ነው፣ 480 ደቂቃ። የፕላስቲክ ማሽን ላይ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫውን) መቀየር 45 ደቂቃ ቢፈጅና በሺፍቱ አራት ጊዜ ብትቀይሪ 180 ደቂቃ ሄደ። የቀረሽ 300 ነው፣ ያውም ምንም ካልተበላሸ። ሽያጭ ክፍል ጠዋት እየደወለ "ይቺን ትንሽዬ ትዕዛዝ አስገቢልኝ" ሲልሽ የሚጠይቅሽ ከነዚያ 300 ደቂቃዎች ላይ ነው። ቀለምም አለ። ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጥቁር ብትሄጂ ማሽኑ ቶሎ ይጸዳል። ከጥቁር ወደ ነጭ ከተመለስሽ ግን ኦፕሬተሩ ጥሩ ቁራጭ እስኪወጣለት ድረስ ሲያጥብ ይውላል፣ አንቺንም በስምሽ እያነሳ።


መጋዘን ያለ ሰው፦

ሁለታችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን "መጋዘን ውስጥ 350 አለ" ያለው ማን ነው? ቆጥራችሁታል?

የናንተ ስሌት ሁሉ የሚቆመው እኛ በምንጽፈው ቁጥር ላይ ነው። ሲስተሙ 350 ካለ እናንተ 350 ትላላችሁ። ሼልፉ ላይ 210 ሊሆን ይችላል። የተሰበረ አለ፣ ማታ ፎርማኑ ሳይፈርም የወሰደው አለ፣ ጥራት ክፍል ይዞት ጥግ የቆመ አለ። ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አንድ ጊዜ የገጠመን ይኸው። የኤሌክትሪክ ሽቦ በጥቅል ይመጣል፣ አንዱ ጥቅል 100 ሜትር ነው። ምርት ክፍል የሚጠቀመው በሜትር ነው፣ ሲስተሙም በሜትር ነው የሚያውቀው። 24 ጥቅል ገባ፣ አዲስ የነበረ ልጅ "24" ብሎ መዘገበው። ሲስተሙ 2,400 ሜትር መሆኑን በምን ይወቅ? 24 ሜትር ነው ያለን ብሎ አምኗል። በማግስቱ የፕላነሩ ስክሪን ቀይ በቀይ ሆነ፣ ፕላነሩ በድንጋጤ "አስቸኳይ" ብሎ ላከ፣ ገዢው ደግሞ በአስቸኳይ ዋጋ እንደገና ገዛ። እኔ ሁለተኛው ጭነት በር ላይ ሲቆም ነው የሰማሁት። ማስቀመጫ ቦታ አልነበረኝም፣ ኮሪደር ላይ ደረደርነው፣ ለወራት እየዘለልነው ገባን ወጣን። ከፕላነሩ ጠረጴዛ እስከ ሽቦው ሼልፍ ሦስት ደቂቃ መንገድ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ የትኛውንም ያዢ። ግን የመጀመሪያ ወርሽን ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት መጋዘን እያሳለፍሽ በቀን አሥር ዕቃ ቁጠሪና ከሲስተሙ ጋር አስተያዪ። የዓመት መጨረሻ ቆጠራ ስህተት እንደነበረ ይነግርሻል እንጂ መቼና በማን እንደተፈጠረ አይነግርሽም። የትናንቱን ስህተት ግን ዛሬ ብታገኚው የሠራው ሰው ገና ያስታውሰዋል። ዕቃዎቹንም በዓይንሽ ትለያቸዋለሽ። ስሙን ብቻ የሚያውቅ ገዢ ብዙ አይቻለሁ።


ኤክሴሉ፦

ስለ መሣሪያው ማንም አላነሳም፣ እኔ ልበል። ከሐሙስ በፊት ኤክሴል ከፍተሽ የወንበሩን ነገር ሥሪው። አንድ ሺት ላይ ወንበሩ ከምን ከምን እንደሚሠራ ጻፊ (እሱ ነው ቢኦኤም የሚባለው፣ ማስታወቂያው ላይ ይኖራል)፣ ሌላው ላይ ያለውን ስቶክ፣ ሦስተኛው ላይ በየሳምንቱ የሚፈለገውን። ኤክስሉካፕ ወይም ቪሉካፕ፣ ሰምኢፍ እና ፒቮት ቴብል ካወቅሽ ይበቃሻል። ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሄደሽ "ይሄን ለመማር ሠራሁት" ብትያቸው ከማንኛውም ሰርተፍኬት ይበልጣል።

ሳፕ የሚባለውን የድርጅት ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ከሆነ "ኤምዲ04" የሚባለውን ገጽ ሳትለምኝ ያሳዩሻል። የአንድ ዕቃ ስቶክ፣ የሚገባው፣ የሚወጣው በቀን በቀን ተደርድሮ የሚታይበት ነው፣ ፕላነርም ገዢም እሱ ላይ ነው የሚውለው። ከተረዳሽው አብዛኛው ሥራ ገብቶሻል።

ሰርተፍኬት ላይ አትቸኩዪ። ለዕቅድና ለስቶክ የሚታወቀው ሲፒም የሚባለው የኤፒክስ ፈተና ነው፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ያለ ነው፣ አሁን ኤኤስሲኤም ይባላል። ለግዢ ደግሞ የእንግሊዞቹ ሲአይፒኤስ አለ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ ግን አንድ ዓመት ሠርተሽ ብትገቢበት እያንዳንዱን ምዕራፍ ስታነቢ "አሃ፣ ያን ቀን የሆነው ይሄ ነበር" ትያለሽ። ሳትሠሪ ከገባሽበት ግን ሽምደዳ ነው። ደግሞ ክፍያው ቀላል አይደለም፣ አንዳንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው ይከፍላል፣ ጠብቂ።

ከሥራው ስም ይልቅ ደግሞ ሁለቱንም ፋብሪካ ይሄን ጠይቂ፤ ከኔ በፊት ይሄን የሥራ ቦታ የያዘው ሰው አሁን የት ነው? አድጎ ወደ ላይ ሄዷል ካሉሽ ጥሩ። በዓመት ሦስት ሰው ተቀያይሮበት ከሆነ አስቢበት። ለመዞሩ አትጨነቂ፣ እኔ ከዕቅድ ወደ ግዢ፣ ከግዢ ወደ ዕቅድ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ።


ጀማሪዋ፦

ተመለስኩ። ሐሙስ አለፈ!

ሰውየው ያንኑ ጥያቄ ደገመልኝ፣ ሆን ብሎ ነው መሰለኝ። "መጀመሪያ መጋዘን ሄጄ በእርግጥ ማለቁን አያለሁ" አልኩት። ከዚያ የትኛው ትዕዛዝ እንደሚነካ አያለሁ፣ ገዢው ጋ ሄጄ በመንገድ ላይ ያለ ካለ እጠይቃለሁ፣ እስኪደርስ በሌላ ዕቃ የሚሠራ ምርት ካለ ማሽኑን ወደዚያ አዞራለሁ፣ የሚዘገየውን ደግሞ ሽያጭ ክፍል ከደንበኛው ሳይሰሙ በፊት እነግራቸዋለሁ አልኩት። አሁንም ሳቀ፣ ግን ይሄኛው ሳቅ ገባኝ። ከዚያ ተነስቶ መጋዘን ወሰደኝና አንድ ጥግ በፕላስቲክ የተሸፈነ ክምር አሳይቶ "ይሄ ምን ይመስልሻል?" አለኝ። አቧራውን አየሁና "መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው?" ብዬ ጠየቅሁ። አልመለሰልኝም። አብሮን የነበረው ስቶር ኪፐር ግን አንገቱን አቀርቅሮ ሲስቅ አይቼዋለሁ።

ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ አሁን ገዢ ሆና እዚያው ናት፣ ጠረጴዛዋም ከኔ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ የዕቅዱን ያዝኩ። ገዢዋ ደስ ይበልሽ፣ የማታ ሺፍት ደግሞ ይቅርታ፣ ግን ያቺን ገዢ ስለ ቀናቱ እየጠየቅሁ እንድትሰለች አደርጋታለሁ። የወንበሩን ኤክሴልም አሳየሁት፣ አንድ ስህተት አገኘበት፣ ጥራት ክፍል የሚወስደውን አንድ ሳምንት ረስቼው ነበር።

ሰኞ እጀምራለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ሴፍቲ ጫማ የሚገዛው ሠራተኛው ነው ወይስ እነሱ ይሰጣሉ?


መጋዘን ያለ ሰው፦

እነሱ ናቸው የሚሰጡት። ግን የእግርሽን ቁጥር ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያቸው። 38 እና ከዚያ በታች ከሆነ ስቶክ ላይ የለም።